ከአሲዱ የወጣው መስቀል

አንጥረኛው ባዩ ደብረ ታቦር ባለው ሱቁ ውስጥ ተደፍቶ ተገኘ፤ አናቱን የከፈለው የራሱ መዶሻ ነው። ሰው ሁሉ ሬሳውን ሲያይ ኢንስፔክተር ትርንጎ ያየችው የሥራ ጠረጴዛውን ነበር። ነጭ ጨርቅ ላይ አንድ የጥንት የብር መስቀል ታጥቦ ተቀምጧል። ጨርቁን ገለጥ አደረገችው። ከሥሩ የደም ፍንጣቂ አለ፤ ከላዩ ግን ጠብታ የለም።

ብር የሚጸዳበት አሲድ በሸክላ ሳህን አጠገቡ ነው። ከሳህኑ ጎን እርጥብ እንጨት ወድቋል። የብረት ጉጠቱ ደረቅ ነው፤ ከተሰቀለበት ሚስማር አልወረደም።

«እትዬ እቴነሽ፣ ባለቤትዎን መጨረሻ ያዩት መቼ ነው?»

«ሦስት ሰዓት ላይ ገበያ ስወርድ ነው። መስቀሉን አሲድ ውስጥ ሲከት በመስኮት አየሁት። ‹ከቆየ ይበላዋል› ይል ነበር።»

ብር ነጋዴው ይሻው ሳይጠየቅ ተናገረ። «ትናንት ተጣልተናል፤ አልዋሽም። መስቀሉን ሽጥልኝ ብለው እንቢ አለኝ። ብገድለው ትቼው እሄድ ነበር?»

«አንቱስ፣ አቶ ደሞዜ?»

ደሞዜ ከእብናት መጥቶ ከባዩ ቤት ከተቀጠረ ሦስት ወሩ ነው። «እኔ ከሰል ተሸካሚ ነኝ ልጄ። ጋፋት ከሰል ላመጣ ሄጄ ነበር። የብር ሥራ አላውቅ።»

በማግስቱ ትርንጎ ሦስቱንም ሱቁ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ደሙ ከጨርቁ ሥር ነው። ስለዚህ መስቀሉን ከአሲድ አውጥቶ ያጠበው ሰው ያን ያደረገው ባዩ ከሞተ በኋላ ነው። ሌባ ቢሆን ይዞት ይሄድ ነበር። ሰው ገድሎ ቆሞ ብር የሚያጥብ ማን ነው?»

ትርንጎ ጉጠቱን ከሚስማሩ አወረደች፤ መስቀሉን በጉጠቱ ያዘችና ወደ አሲዱ ሰደደችው።

«በብረት አይደለም!» ደሞዜ ጮኸ። «ያቀላዋል!»

ይሻውም እቴነሽም ነገሩ አልገባቸውም። ትርንጎ ጉጠቱን አስቀመጠች።

«ብረት አሲዱ ውስጥ ከገባ ብሩ ቀልቶ እንደሚበላሽ ትናንት አንድ ሽማግሌ አንጥረኛ ነገሩኝ። ገዳዩም ያውቅ ነበር፤ ጉጠቱ እያለለት እንጨት ፈለገ። ከሰል ተሸካሚ ይህን ከየት ተማረ?»

ደሞዜ አልካደም።

«ከአባቴ። ባዩም የተማረው ከአባቴ ነው። ሙያውን ከጨረሰ በኋላ ‹ቡዳ ነው› ብሎ መንደሩን አስነሣበት። ቤታችን ሲነድ ይህን መስቀል ይዞ ጠፋ። አባቴ በየሰው ደጅ ሲንከራተት ሞተ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ ሠላሳ ዓመት ፈለግሁት። ሳገኘው ከመስቀሉ ጀርባ የራሱን ስም ቀርጾበታል። ደሜን መለስሁ፤ አልጸጸትም።»

ያገራችን ሰው እንዲህ ነው፤ መስቀሉን አንገቱ ላይ ያስራል፣ የሠራውን እጅ ይሸሻል።

«አሲዱ ውስጥ ቢተዉት ኖሮ ባልያዝሁዎት» አለች ትርንጎ።

«አሲዱ የባዩን ስም ይብላው ብዬ ትቼው ወጥቼ ነበር። ከደጅ ተመለስሁ። የአባቴ እጅ ነዋ!»

«አባትዎ ማን ይባሉ ነበር?»

«አንዱአምላክ።»

ኢንስፔክተሯ የማስረጃ መዝገቡን ገልጣ ጻፈች።

«አንብቢልኝ» አላት።

«የብር መስቀል፤ ሠሪው አንዱአምላክ።»

ደሞዜ ሁለት እጁን ለካቴናው ዘረጋ።