ከአዱኛ ካፖርት የወጡ ስድስት ካሬዎች

ኢንስፔክተር ጂቱ ስትደርስ አዴ ዱሬቲ አምቦ ገበያ ዳር ባለው ሱቃቸው ወለል ላይ ተዘርግተው ነበር። ከንፈራቸው ላይ የቀይ ጨርቅ ብናኝ ተጣብቋል። ጀምረውት በነበረው ብርድ ልብስ ታፍነው መሞታቸውን ለማወቅ ሐኪም አላስፈለጋትም።

ሥራቸው ለሰሚው ይከብዳል። ሰው የሞተበት የሟቹን ልብስ ያመጣላቸዋል፤ እሳቸው በካሬ በካሬ ቆርጠው ብርድ ልብስ ያደርጉታል። ጂቱ ግድግዳው ላይ ከተሰቀሉት ኮቶችና ቀሚሶች ፊት መቆም ጨነቃት፤ ባለቤቶቻቸው የሚያዩዋት መሰላት። የዛሬው ሥራ የደንበኛ አልነበረም፤ አምና የሞተው የወንድማቸው የአዱኛ ልብስ ነው። ጠረጴዛው ላይ ከካፖርቱ የተቆረጡ ስድስት ካሬዎች ተደርድረዋል።

«ስድስት ሰዓት ላይ ሰላም ልበላቸው ብዬ ገባሁ» አለ ጎረቤቱ ባለሱቅ ነጋሳ። «ካፖርቱ ሳይቆረጥ እንዳለ ነበር። ዘርትሁን ሰባት ላይ ወጣ፤ ሃዋኒ ዘጠኝ ላይ ገባች። ሌላ ሰው አላየሁም።»

እዚያው ሱቅ ሱሪ የሚሰፋው ዘርትሁን ሜትሩን ከአንገቱ ሳያወርድ መለሰ። «ስወጣ ካፖርቱ ላይ ገና መቀስ አላነሱም። ስድስቱን የቆረጡት ከእኔ በኋላ ነው።»

እንግዲህ የቀረችው የአዱኛ ልጅ ሃዋኒ ናት። ፖሊሶቹ ካቴና ይዘው በር ላይ ቆመዋል።

«አዳዳ፣ አክስቴ፣ ስገባ ቀዝቅዛ ነበር» አለች። «ማን ያምነኛል?»

«አዴ ዱሬቲ ካሬውን በምን ነበር የሚለኩት?» አለች ጂቱ።

«በኢንች። ያስተማረቻት ፈረንጅ የተወችላት ወረቀት አንዱ ካሬ ዐሥራ ሁለት ኢንች ይላል። እኔንም እንደዚያው አስተማረችኝ።»

ጂቱ ከስድስቱ አንዱን አንስታ አዴ ዱሬቲ ቀደም ሲል የቆረጡት ቀይ ካሬ ላይ ደረበችው። ከሥር ቀጭን ቀይ ጠርዝ ብቅ አለ።

በማግስቱ ጠዋት ሦስቱንም ሱቁ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ለሃዋኒና ለዘርትሁን ጨርቅና መቀስ ሰጠች። «ዐሥራ ሁለት ኢንች በዐሥራ ሁለት ኢንች ቁረጡልኝ።»

ሃዋኒ ሜትሩን ወደ ኢንቹ በኩል ገለበጠች። ዘርትሁን አልገለበጠም። «ያው ሠላሳ ሳንቲ ነው» አለ፣ ቀና እንኳ ሳይል።

ጂቱ የሃዋኒን ቁራጭ ቀዩ ላይ አደረገች፤ ገጠመ። የዘርትሁንን አደረገች፤ ቀዩ ጠርዝ ወጣ። ከስድስቱ በአንዱ ላይ ስትደርበው ግን አንድ ሆኑ።

«ኦቦ ዘርትሁን፣ ዐሥራ ሁለት ኢንች ከሠላሳ ሳንቲ በግማሽ ሳንቲ ያህል ይበልጣል። የተማሪ ማስመሪያ ላይ ጎን ለጎን ስለሚጻፉ እኩል ይመስላሉ። አዴ ዱሬቲም ሃዋኒም በኢንች ነው የሚለኩት። ስድስቱ ግን ልክ ሠላሳ ናቸው። ካፖርቱን የቆረጡት እርስዎ ነዎት፤ እርስዎ ደግሞ ስወጣ አልተነካም ብለዋል። ሲወጡ እሳቸው ሞተው ነበር። ከእርስዎ በኋላ ሲሠሩ የቆዩ እንዲመስል ቆረጡላቸው።»

የዘርትሁን እጅ አንገቱ ላይ ያለውን ሜትር ጨበጠ። «ከካፖርቱ ገበር ውስጥ የአዱኛን ኑዛዜ አገኙ። ሱቁ የሃዋኒ ነው ይላል። ሃያ ዓመት የተቀመጥኩበትን ልቀቅ አሉኝ» አለ።

ፍርዱ ካለቀ በኋላ ጂቱ ስድስቱን ካሬዎች ለሃዋኒ ይዛ ሄደች። አዴ ዱሬቲ የጀመሩት ብርድ ልብስ የስድስቱ ካሬዎች ቦታ መሃሉ ላይ ክፍት ሆኖ ጠበቃት።

ሃዋኒ ተቀብላ ጉልበቷ ላይ ዘረጋቻቸው። «የአባቴ ካፖርት ነው፤ አልጥለው። የቆረጠው አዳዳን የገደለ እጅ ነው፤ እንዴት ልልበሰው?»

ጂቱ አጠገቧ ተቀመጠችና ክሩን በመርፌው አሾልካ ሰጠቻት።