ያልተለካ ዝናብ

«አያ አላምረው፣ እንዲያው ልጠይቅዎትና፣ በአምባ ጊዮርጊስ እሑድ ቀን ዘንቦ አያውቅም?»

መዝገቡን ሊወስዱ ከጎንደር የመጡት አቶ ክንዱ ይህን ሲሉ መዝገቡን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው አንዱን መስመር በጣታቸው ተጭነው ነበር። እንኳየሁ ከአባቷ ከአያ አላምረው ኋላ ቆማ ጣቱን አየች። መስመሩን ሳታነበው አወቀችው። የጻፈችው እሷ ናታ!

«ኧረ ይዘንባል!» አሉ አያ አላምረው ሳቅ ብለው። «ክረምት እሑድ ሰኞ ብሎ ያውቃል እንዴ?»

«መዝገብዎ ግን አይዘንብም ይላል። እሑድ ዜሮ። ወር በገባ በአሥራ ሁለት ዜሮ። በሃያ አንድ ዜሮ። በሃያ ሦስት ዜሮ። በማግስቱ ደግሞ ሰማዩ ተቀዶ እንዳደረ ነው። መሐንዲሶቹ ይህን አይተው ሲስቁ ዋሉ። እኔ ግን ምን አሳቀኝ? ወረቀቱን ከዚህ እየወሰድሁ የማስረክበው እኔ ነኝ።»

አያ አላምረው ሳቃቸውን ዋጥ አደረጉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከከተማው በላይ ባለው ኮረብታ ላይ የጃንሆይ መንግሥት የአየርና የውኃ ጥናት ጣቢያ ካቆመ አራት ዓመቱ ነው። ጣቢያ ይባል እንጂ በሽቦ የታጠረ ሜዳ ነው። መሐሉ ላይ በአራት እግር የቆመ ነጭ ሳጥን አለ፤ ቴርሞሜትሮቹ የተሰቀሉት እሱ ውስጥ ነው። ከጎኑ ነፋስ ሲነካቸው የሚሽከረከሩ ሦስት ጽዋዎች፣ ፀሐይ ስትወጣ ከሥሩ ያለውን ወረቀት እየለበለበ የሚያመለክት የመስታወት ኳስ፣ ውኃው በቀን ምን ያህል እንደሚተን የሚታይበት ሰፊ የብረት ገበቴ። ከሁሉም በላይ ግን ጎንደር ያሉት ሰዎች የሚጠይቁት ዝናብ መያዣውን ቆርቆሮ ነው። ጧት ጧት በሁለት ሰዓት ተከፍቶ፣ ያደረው ውኃ መስመር በተሰመረበት ብርጭቆ በሚሊሜትር ተለክቶ ይጻፋል። አገሬው ይህን ሁሉ ኮተት አንድ ላይ ጠቅልሎ «የሰማይ መሥፈሪያ» ይለዋል።

ጠባቂውም ለኪውም አያ አላምረው ናቸው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያደጉ፣ ዜማ የተማሩ ሰው ናቸው፤ ለዚህ ሥራ የተመረጡትም ማንበብና መጻፍ ስለሚችሉ ነበር። ዓይናቸውን ሞራ ከጋረደው ወዲህ ግን የብርጭቆውን መስመር የምታነበው፣ መዝገቡንም የምትጽፈው የአሥራ አራት ዓመቷ እንኳየሁ ናት። አቶ ክንዱ ይህን አውቀው እንዳላወቁ ሆነዋል፤ ደግ ሰው ናቸው።

ታዲያ አያ አላምረው በዓል ሽረው አያውቁም። መለካት ሥራ ነው፤ ሥራ ከሆነ በሚካኤል፣ በማርያም፣ በጊዮርጊስ፣ በሰንበት አይነካም። አለቀ! መጀመሪያ ሰሞን እንኳየሁ «አባባ፣ ዘንቧል እኮ!» ብላቸው ነበር።

«ለካነው?»

«አልለካነውም።»

«ያልለካነው ባዶ ነው። ባዶ በይ።»

እሷም ዜሮ አለች። ዜሮ ማለት «ለካሁ፤ ምንም የለም» ማለት እንደሆነ አምስተኛ ክፍል ስትገባ ተረዳች። ግን አባቷን ማን ደፍሮ ያርማል? በማግስቱ የሁለት ቀኑን ውኃ በአንድ ለክታ የአንድ ቀን አድርጋ ትጽፋለች። እንዲህ እየሆነ ሦስት ክረምት አለፈ።

አቶ ክንዱ ከቦርሳቸው አዲስ መዝገብ አወጡ። «ይስሙኝ አያ አላምረው። ከከተማው በታች ባለው ወንዝ ላይ ድልድይ ሊሠራ ታስቧል። መሐንዲሶቹ በአንድ ቀን የወረደውን ትልቁን ዝናብ ከናንተ መዝገብ ይፈልጋሉ። በሌላ በኩል በጠቅላይ ግዛቱ ካሉት ሦስት ጣቢያዎች አንዱ ይዘጋል ተብሏል። ይህን መዝገብ ካዩ የትኛው እንደሚዘጋ እርስዎም አያጡትም።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ያለፈውን ክረምት ወደዚህ ገልብጡት። የሰኞውን ለሁለት ክፈሉና ግማሹን ለእሑድ ስጡት። የአሥራ ሦስቱን ከአሥራ ሁለቱ ጋር አካፍሉት። ማን ያውቃል? እኔ አዲ አርቃይ ደርሼ ሐሙስ በአሥር ሰዓት እመለሳለሁ።» ከተቀመጡበት ተነሡና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አለዚያ ዕቃው ይነቀላል። ቤቱም የመንግሥት ነው።»

ማኪናቸው ቁልቁል ሲወርድ የእንኳየሁ እናት ይመኙሽ ከጓዳ ወጣች። ሁሉንም ሰምታለች።

«ተመስገን! እኔማ ዛሬውኑ ውጡ ሊሉን መስሎኝ ነበር» አለች። «እንኳዬ፣ እጅሽ ሸጋ ነው፣ ቶሎ ጻፊው።»

«እማዬ፣ ውሸት እኮ ነው።»

«ምኑ ነው ውሸቱ? ዝናቡ እንደሆነ ወርዷል። አንዱን ቀን ከሌላው ማካፈል ምን ኃጢአት አለው? ነው ወይስ ከድብ ባሕር ማዶ ገጠር አጎትሽ ዘንድ ሄደሽ ከብት መጠበቅ አምሮሻል?»

እንኳየሁ አዲሱን መዝገብ አነሣች። በአጎቷ መንደር ትምህርት ቤት የሚባል ነገር የለም። ትምህርት ከቀረ ደግሞ ሁለት ወር ሳይሞላ ሽማግሌ ይላካል፤ እሷ ስድስተኛን ሳትጨርስ ወዳላየችው ሰው ቤት ትሄዳለች። ታላቅ እህቷ የሄደችው እንዲሁ ነው። አባቷን አየቻቸው። እጃቸውን አጣጥፈው መሬት መሬት ያያሉ። «እናትሽ እንዳለችው አድርጊ» አሉ በመጨረሻ።

ረቡዕ ጓደኛዋ የዓለምወርቅ ትምህርት ቤቱ ደጃፍ ላይ ጠበቀቻት። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ወንበር ላይ ነው የሚቀመጡት። ባለፈው ነሐሴ የዓለምወርቅን ወንድም ማሩን ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ያ ወንዝ ወስዶታል። የፍልሰታ ዕለት ነበር። ሬሳው የተገኘው በሦስተኛው ቀን ነው።

«አንቺ! ድልድይ ሊሠሩ ነው አሉ፣ እውነት ነው?»

«ማን ነገረሽ?»

«ከተማው ሁሉ እያወራው! እናቴማ ሰምታ አለቀሰች። ቀደም ብለው ቢሠሩት ኖሮ ትላለች።» የዓለምወርቅ ክንዷን ያዘቻት። «ልጠይቅሽ ስፈልግ ነበር። ያን ዕለት ምን ያህል ነው የዘነበው? መቼም የምትጽፊው አንቺ ነሽ።»

«ብዙ» አለች እንኳየሁ።

«ብዙማ አውቃለሁ፣ ምነው! ቁጥሩን ነው የምልሽ። ዝም ብዬ ማወቅ እፈልጋለሁ።»

«አይቼ እነግርሻለሁ» አለችና ደወሉ ሳይደወል ወደ ክፍል ሮጠች። ቀኑን ሙሉ ጓደኛዋን ቀና ብላ አላየቻትም።

ሐሙስ ከቀትር በኋላ ቤት ውስጥ ብቻዋን ሆና መገልበጥ ጀመረች። በመጀመሪያ በእርሳስ፣ ቀጥላ በብዕር እንድትደግመው ነው ያሰበችው። ሰኔ ቀላል ነበር። ሠላሳ አንድ ለሁለት ሲከፈል አሥራ አምስት ተኩል። ማካፈል ጎበዝ ናት፤ መምህሯም ያመሰግኗታል። ሐምሌን ሳትቆም ጨረሰች። ነሐሴ ላይ ስትደርስ እርሳሷ ቆመ።

ነሐሴ አሥራ ስድስት፣ ዜሮ። ነሐሴ አሥራ ሰባት፣ መቶ አራት።

ማሩ የሞተበት ዕለት በመዝገቡ ላይ ጠብታ አልወረደም። የጻፈችው ራሷ ናት፤ ያን ጧት ቆርቆሮው ሊሞላ ምንም አልቀረውም ነበር፣ እሷ ግን በአጠገቡ አልፋ ከአባቷ ጋር ቤተ ክርስቲያን ሄደች። አሁን ሃምሳ ሁለት ሃምሳ ሁለት ማለት ይቻላል። ግን ዘጠና በአንዱ ቀን፣ አሥራ አራት በሌላው ቢሆንስ? ማንም አያውቅም። ከእንግዲህም የሚያውቅ የለም። ሃምሳ ሁለት ብላ ብትጽፍ መሐንዲሶቹ ለሃምሳ ሁለት የሚበቃ ድልድይ ይሠራሉ። የዓለምወርቅም እናት በዚያ ድልድይ ላይ ትሄዳለች።

አባቷን ጠላቻቸው። ለአንድ አፍታ ከልቧ ጠላቻቸው። ወዲያው ደግሞ ጧት ጧት ትከሻዋን ይዘው ወደ ቆርቆሮው ሲወጡ ትዝ አሏትና እንባዋ መጣ። ላጲሱን አነሣች። ሰኔንም ሐምሌንም አጠፋች። ከዚያ ብዕሩን ቀለም ውስጥ ነክራ ጻፈች፤ ስትጽፍ እጇ አልቆመም።

አባቷ በዘንጋቸው መድረኩን እየነኩ ገቡና አጠገቧ ተቀመጡ።

«ጨረስሽ?»

«ጨረስሁ አባባ።»

«እስቲ አንብቢልኝ።»

የፈለገችውን ብትላቸው አያዩም። «ሃምሳ ሁለት፣ ሃምሳ ሁለት» ብትል «ሸጋ» ይሉና ይነሣሉ። እንኳየሁ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ሰኔ አሥራ ሁለት፣ ሚካኤል፣ አልተለካም። ሰኔ አሥራ ሦስት፣ የሁለት ቀን ድምር፣ ሠላሳ አንድ። ሰኔ ሃያ አንድ፣ ማርያም፣ አልተለካም።»

«ምን?» አለች ይመኙሽ ከበሩ። «አንቺ ልጅ! ምን አደረግሽን?»

«ተያት» አሉ አያ አላምረው። «ታንብብ።»

አነበበች። እሑዶቹን፣ ጊዮርጊስን፣ ሥላሴን አንድ በአንድ ጠራች። አባቷ በየስሙ ራሳቸውን ዝቅ ያደርጋሉ።

«ነሐሴ አሥራ ስድስት፣ ፍልሰታ፣ አልተለካም።»

«ማሩ የሞተ ዕለት» አሉ።

«አዎ።»

«ያን ዕለት ምን በይ ብዬሽ ነበር?»

«ባዶ በይ ብለውኝ ነበር። እኔም ጻፍሁት።»

አያ አላምረው እጃቸውን ዘርግተው ገጹን ዳበሱት። ይመኙሽ መደቡ ላይ ቁጭ ብላ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። አቶ ክንዱ ይህን ሲያዩ ምን እንደሚሉ ሦስቱም ያውቃሉ። መዝገቡ ይጣላል፤ ድልድዩም በእሱ አይሠራም። ዕቃው ሁሉ በገለባ ተጠቅልሎ ይጫናል፤ ቤቱን የሚያስለቅቅ ደብዳቤም ከገና በፊት ይመጣል።

ከታች የማኪና ድምፅ ተሰማ።

«ስሜ የሚጻፈው የት ላይ ነው?» አሉ አባቷ።

እንኳየሁ ጣታቸውን ይዛ ከገጹ ግርጌ አሳረፈችው። ብዕሩን አቀበለቻቸው። አንድ በአንድ፣ እየዘገዩ ጻፉት፤ ፊደሎቹ ከመስመሩ ወጥተው ወደ ላይ ተጣመሙ።

ሲጨርሱ ብዕሩን መለሱላት። እሷ ግን ብዕሩን አላስቀመጠችም። ከስማቸው ሥር የራሷን ስም ጻፈች፤ ቀለሙ እስኪደርቅ እፍ አለችበትና መዝገቡን ይዛ ወጣች።