የጥፊው ድምፅ

ይህ የሆነው በጠራራ ፀሐይ ነው፤ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ። በሌሊት ቢሆንማ ቅዠት ነው ብዬ በተጽናናሁ። ማመን የፈለገ ይመን፤ ያልፈለገ የራሱ ጉዳይ።

ሥራዬ ለፊልም ድምፅ መሥራት ነው። የእግር ኮቴ፣ የበር ሲጢጥታ፣ ጥፊ...

ተዋናዮች ሲቀረጹ የሚሰነዘረው ጥፊ የውሸት ነው። ድምፁን የምሰጠው እኔ ነኝ። ጥቁር መጋረጃ በተጋረደባት ክፍል ስክሪኑን እያየሁ፣ የገዛ ጭኔን በመዳፌ እመታለሁ።

የዚህ ፊልም ዳይሬክተርም መሪ ተዋናይም የታናሽ እህቴ ባል ነው። ሚስቱን ሆና የምትሠራውም እህቴ ናት።

ካሜራው ያለው ከእሱ ትከሻ ኋላ ነው። ተመልካች እሷን የሚያያት በእሱ ዓይን ነው። ሲመታት እንኳ "ምን ብታናድደው ነው?" እያልን ለእሱ እንድናዝን ነው። ፊልሙን ገና ድምፄ ሳይገባበት ለሙከራ ሲያሳዩት አዳራሹ ጥፊው ላይ አጨበጨበ፤ ሴቶቹም ጭምር። አንጀቴ አረረ።

ያን ቀን ብቻውን መጣ። እህቴ የት እንዳለች ጠየቅኩት።

"አሟት ተኝታለች። አንቺ ሥራሽን ሥሪ፣ እህት ዓለም" ብሎ ከኋላዬ ተቀመጠ።

ጭኔን መታሁ።

ስክሪኑ ላይ ጉንጯን መታት... እህቴ የያዘችው ግን ጭኗን ነበር።

ክው አልኩ። ያን ትዕይንት ደጋግሜ አይቼዋለሁ፤ የምትይዘው ጉንጯን ነበር።

"ጠንከር አድርጊው" አለ። ምንም አላየም። መቼስ አይቷት ያውቃል? እሱ የሚያየው ራሱን ነው።

ደገምኩ።

አሁንም ጭኗን ያዘች... ቀስ ብላ ፊቷን ከእሱ አዞረች... እኔን አየችኝ። ከንፈሯ "እትዬ" አለ። ልጆች ሳለን ስትፈራ እንደምትጠራኝ።

እጄ አየር ላይ ቀረ።

"አልመታም" አልኩ በሹክሹክታ።

"ምን አልሽ?"

"በቃኝ። አልመታም።"

ስልኬን አውጥቼ ደወልኩላት።

ጠራ... ከኋላዬ። ከእሱ ኮት ኪስ ውስጥ።

አላነሳውም፤ አላጠፋውምም።

ቤታቸው በረርኩ። አልጋው ተነጥፏል። ጫማዋ በሩ ሥር ነው። እሷ የለችም።

"ጥላኝ ሄደች" ብሎ የአዞ እንባውን አፈሰሰ። ዘመድ አዝማድ አጽናናው። ፖሊስም "ትመለሳለች" ብሎ ሸኘኝ። እንደ ፊልሙ ሁሉ የታዘነው ለእሱ ነው። ስለ እሷ የጠየቀ የለም... ደሜ እስካሁን ይፈላል።

ፊልሙ ሲመረቅ ሄድኩ፤ ፊቷን እንኳ ልየው ብዬ። ያ ትዕይንት ደረሰ። እጁን ሰነዘረ...

ፊት ለፊቱ ማንም የለም። ባዶ ወንበር ብቻ።

ጥፊው ግን ጮኸ። ጭኔን አቃጠለኝ፤ ሳላስበው ጥብቅ አድርጌ ያዝኩት።

ወንዶቹ አጨበጨቡ። እሱ ከፊት ረድፍ ተነስቶ፣ ወደ ሕዝቡ ዞሮ እጅ ነሳ።

ዙሪያዬን አየሁ...

ሴቶቹ አንዳቸውም አላጨበጨቡም። ከፊት እስከ ኋላ፣ ሁሉም ጭናቸውን ይዘዋል። ስክሪኑን የምታይ አልነበረችም። ሁሉም እሱን እያዩት ነበር።