ከሸራው ሥር

«አታውቂኝም» አለች የሮና እናት ሻርሊን፣ ዓይኗን ከጋሪው ሳታነሳ። «እኔም አላውቅሽም። አንቺ ሰባት ቁጥር ገንዘብ ተቀባይ ጋ ተሰለፊ፣ እኔ አራት ቁጥር ጋ እቆማለሁ። ስትጨርሺ መኪናው ጋ።»

«እሺ አልኩ እኮ፣ እማ። በየወሩ ነው የምትነግሪኝ።»

«በየወሩ ነዋ የምትረሺው። ባለፈው ‹እማ፣ ገንዘቡን አልሰጠሽኝም!› ብሎ የጮኸው ማን ነበር?»

ከዱቄቱ ክምር በላይ የተንጠለጠለው ቢጫ ካርቶን «ለአንድ ደንበኛ ሁለት ብቻ» ይላል። እናትና ልጅ አንድ ደንበኛ ይሁኑ ሁለት ግን አይናገርም። ሻርሊን ሁለት ናቸው ብላ ከወሰነች ዓመት ሆኗታል። ሮና ባለ አሥር ኪሎ ሁለት ከረጢት ጋሪዋ ላይ ጫነች፤ ሁለት ቅቤ ጨመረችና እናቷን በሕይወቷ አይታት እንደማታውቅ ሆና ወደ ሰባት ቁጥር ገፋች።

በብሪም ደሴት ያለው ሱቅ አንድ ብቻ ነው፤ የእትዬ ዊኒ ሱቅ። እዚያ ዱቄት በዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ጨምሯል። የቅቤውን ዋጋማ ሻርሊን ባየችው ቁጥር ሰው እንደ ሰደባት ነው የምትቆጥረው። የዓሣ ፋብሪካው የሥራ ሰዓቷን ከቀነሰባት ወዲህ ደግሞ የባሰ ትቆጣለች። ስለዚህ በወር አንዴ መኪና በምታሻግረው ጀልባ ይሳፈሩና፣ ማዶ ወርደው አንድ ሰዓት ነድተው፣ ከተማ ያለው ሱፐርማርኬት ይመጣሉ።

መምጣቱ ችግር የለውም። ችግሩ መመለሱ ነው። ጀልባዋ ትንሽ ናት፤ የተሳፈረ ሁሉ ይተያያል። ከደሴቱ ሰው ደግሞ «ሱፐርማርኬት ሄጄ ነበር» የሚል የለም። አንዱ ጎማ ሊቀይር ይሄዳል፣ አንዱ ለቀብር፣ አንዱ ሐኪም ቤት። ሲመለሱ የሁሉም ጭነት በሸራ ተሸፍኖ በገመድ ጥፍር ተደርጎ ታስሯል። የሰው ሸራ ሥር ምን እንዳለ አይጠየቅም። ይህን ሕግ ለሮና የነገራት ሰው የለም፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንደማይሮጥ ባወቀችበት መንገድ ነው ያወቀችው።

የእሷ ሰበብ ጥርስ ነው። በየወሩ የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ አላት። ለሌላው ሰው ይህን ማለት ቀላል ነበር፤ ለኬንዚ ሲሆን ግን ያሳፍራታል። ኬንዚ የእትዬ ዊኒ የልጅ ልጅ ናት፤ ከሱቁ በላይ ባለው ፎቅ ከአያቷ ጋር ትኖራለች። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ደግሞ ከሮና ጋር አንድ ወንበር ላይ ነው የሚቀመጡት። ትናንት «ነገ ትምህርት የለም፣ እኛ ቤት ነይ» ብላ ጽፋላት ነበር። ሮና ቀጠሮዋን ስትነግራት «አሁን ደግሞ ስንተኛው ጥርስ ነው? አፍሽ የሰው ነው የሻርክ?» የሚል መልስ መጣ። ትንሽ ቆይቶም፣ «ለነገሩ እኔም አልኖርም። አያቴን ዓይን ሐኪም ጋ አደርሳታለሁ።»

ሰባት ቁጥር ጋ ከፊቷ የቆመችው ልጅ አናቱ ላይ የክር ኳስ ያለው ሰማያዊ ኮፍያ አድርጋለች። እንዲህ ያለ ኮፍያ በዓለም ላይ አንድ ነው ያለው። እትዬ ዊኒ ናቸው የሠሩት፣ ኳሱም ወደ ግራ ያዘነበለ ነው።

ተበላን፣ አለች ሮና በልቧ። ጋሪዋን ወደ ኋላ ልትጎትት ስትል ከኋላዋ የቆመው ሰውዬ እግር ላይ ወጣች። ሰውዬው ጮኸ። ኬንዚ ዞረች።



«የጥርስ ሐኪሙ እዚህ ገባ እንዴ?» አለች ኬንዚ።

ሮና ጉንጯን በእጇ ያዘች። ለምን እንደያዘችው ለራሷም አልገባትም። ከዚያ ዓይኗ የኬንዚ ጋሪ ላይ አረፈ። ሁለት ዱቄት። ሁለት ቅቤ።

«የዓይን ሐኪሙስ?»

ኬንዚ በአገጯ ወደ ሁለት ቁጥር ጠቆመች። እትዬ ዊኒ ሻሽ አስረው፣ ትልቅ ጥቁር መነጽር አድርገው፣ ሁለት ከረጢት ዱቄት የጫነ ጋሪ ተደግፈው ቆመዋል። የማይታወቁ መስሏቸዋል።

«ሁለተኛ ዙሯ ነው» አለች ኬንዚ በሹክሹክታ። «በመጀመሪያው ቀይ ኮት ለብሳ ነበር።»

ሮና ሳቅ ሊያመልጣት ነበር። ግን ሳቁ ከመውጣቱ በፊት ሌላ ነገር መጣባት።

«ቆይ ቆይ። ይሄ ዱቄት ነው እናንተ ጋ በእጥፍ የሚሸጠው?»

«በእጥፍ አይደለም።»

«እጥፍ ሊሆን ምን ቀረው! እናቴ እኮ ከእናንተ ስትገዛ ሳንቲሟን ሁለቴ ትቆጥራለች።»

«ቀስ በይ በናትሽ።» ኬንዚ ጋሪዋን አስጠጋች። «አከፋፋዩ ለኛ የሚያስገባበት ዋጋ እዚህ መደርደሪያው ላይ ከተጻፈው ይበልጣል። ገባሽ? እኛ በጅምላ የምንገዛው፣ አንቺ እዚህ አንዷን ከረጢት ከምትገዢበት ይበልጣል። እነዚህ በመርከብ ሙሉ ነው የሚያዙት፣ እኛ አሥር ከረጢት። ማን ይሰማናል? ከዚህ ወስደን የጀልባውንና የቤንዚኑን ስንጨምርበት እንኳ ከአከፋፋዩ ይሻለናል።»

«ታዲያ ለምን አትናገሩም?»

«ምን ብለን? ‹ዱቄታችሁን ከሱፐርማርኬት ነው የምናመጣው› ብለን? ሰው ‹እንዲያማ ከሆነ እኔው አመጣዋለሁ› ይላል። ሁሉም እንዲያ ካለ ሱቁ አበቃለት።» ድምፅዋ ቀጠነ። «ሮና፣ ለማንም እንዳትናገሪ። ለእናትሽ በተለይ።»

«አንድ ዓመት ሙሉ ፎገርሽኝ!»

«አንቺስ? ስንት ጥርስ አስነቀልሽ?»

«እኔ እኮ ፊትሽን ማየት እያፈርኩ ነው የኖርኩት!»

«እናትሽ ‹ኧረ ተወደደ› ስትል ባንኮኒው ኋላ የምቆመው ደሞ ማን ይመስልሻል?»

ገንዘብ ተቀባይዋ ማስቲካዋን እያኘከች ሁለቱን ጋሪዎች አየች። «አብራችሁ ናችሁ?»

«አንተዋወቅም» አሉ ሁለቱም እኩል።

ሮና ስትደርስ ሻርሊን ፒክአፑ ላይ ወጥታ ሸራውን እየዘረጋች ነበር። ፊቷ በርቷል። «አራት! ያቺ ሴትዮ ጋ በዚህ ገንዘብ ሁለት ተኩል አላገኝም። ዘራፊ! ገመዱን ሳቢልኝ።»

ሮና ገመዱን ሳበች። አፏ ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፤ እናቷን ለአንድ ወር የሚያስደስት። «እሳቸውም እዚያ ነበሩ፣ ሻሽና መነጽር አድርገው» ብትል ወሬው ከነገ ወዲያ ደሴቱን አዳርሶ ይጨርሳል። ኬንዚ ደግሞ ሰኞ ከጎኗ አትቀመጥም። ምናልባት በዓመቱ ደሴቱ ላይ ጭራሽ አትኖር ይሆናል። ያለፈው የካቲት ትዝ አላት፤ በረዶው ጀልባዋን ለአሥራ አንድ ቀን ሲያስራት ደሴቱ በሙሉ የበላው ከእትዬ ዊኒ መደርደሪያ ነበር። ሱፐርማርኬቱ ያኔ በመስኮት ከሚታየው ተራራ ባሻገር የሆነ ቦታ ነበር፣ ርካሽ ሆኖ።

«ምን ሆነሻል? ዝም አልሽ» አለች እናቷ።

«ጥርሴን አመመኝ።»

«እዚህ እንኳ ለእኔ አትዋሺ» አለች ሻርሊን እየሳቀች።

የአሥር ሰዓቷ ጀልባ ላይ ዘጠኝ መኪና ተጭኗል። ከኋላ ክፍት የሆኑት በሙሉ ሸራ ለብሰዋል። የእትዬ ዊኒ ቫን ሸራ ባይኖረውም መስኮቶቹ ሁሉ ባረጀ የአበባ መጋረጃ ተሸፍነዋል። ሮና ያን መጋረጃ ዓመቱን ሙሉ ስታየው ኖራለች፤ ለምን እንደተሰቀለ ግን እስከዛሬ ጠይቃ አታውቅም።

ተሳፋሪው ሁሉ ላይኛዋ ጠባብ ክፍል ውስጥ ፊት ለፊት ተፋጦ ይቀመጣል። እትዬ ዊኒ ገብተው ሻርሊን አጠገብ ዘፍ አሉ። ሻሹም መነጽሩም የለም። ኬንዚ ከአያቷ ጎን ሆና የጫማዋን ክር ማየት ያዘች።

«ዓይንዎ እንዴት ሆነ፣ እትዬ ዊኒ?» አለች ሻርሊን በማር ድምፅ።

«ደህና ነው፣ ተመስገን። ጠብታ ሰጡኝ። የልጅቷ ጥርስስ?»

«ትንሽ ይቀራታል። ሌላ ቀጠሮ ሰጧት።»

«ምስኪን!»

ሮናና ኬንዚ ተያዩ። የኬንዚ ዓይን «በናትሽ» ይላል።

እትዬ ዊኒ ቦርሳቸውን ከፍተው ትንሽ ጠርሙስ አወጡ። «የቅርንፉድ ዘይት ነው። ላንቺ ብዬ ነው የያዝኩት፣ የኔ ልጅ። በጥጥ ነክረሽ የሚያምሽ ላይ ያዝ ነው።» ሮና ልትቀበል እጇን ዘረጋች። ሴትየዋ ግን ጠርሙሱን አልለቀቁም። «እስቲ አፍሽን ክፈቺ። የቱ ነው?»

«ተዉት እትዬ ዊኒ፣ ደክሟት ነው» አለች ሻርሊን ቶሎ ብላ።

«አፍ ለመክፈት ምን ጉልበት ይጠይቃል? ክፈቺ።»

 ፊት ለፊት የተቀመጡት ጋሼ ክሌም፣ ጎማ ሊቀይሩ ሄደው በአሮጌ ጎማ የሚመለሱት ሽማግሌ፣ ሳይቀሩ አንገታቸውን አሰገጉ። ሮና አፏን ከፈተች። ጥርሷ ሁሉ ነጭ፣ ሁሉም በቦታው ነው። እትዬ ዊኒ ጎንበስ ብለው ግራ ቀኝ አዩ። አንዱም አልታመመ።

ሮና ስለ እናቷ አሰበች፣ ስለ ኬንዚም አሰበች። የኬንዚን ምስጢር የመናገር መብት የላትም። የራሷን ግን ሰልችቷታል። በዚያ ላይ አፏ ተከፍቷል።

«ጥርሴን አያመኝም» አለች። «አሞኝም አያውቅ። ዱቄት ልንገዛ ነው የሄድነው፣ እትዬ ዊኒ። ሱፐርማርኬት። ዓመቱን ሙሉ።»

 ሻርሊን አንገቷ ድረስ ቀላች። ኬንዚ ትንፋሿን ውጣ ቀረች፤ ሮና ስለእነሱ ምንም እንደማትል የገባት ቆይቶ ነው።

እትዬ ዊኒ ሮናን አዩ፣ ሻርሊንን አዩ። ጠርሙሱን ክዳኑን አጥብቀው ቦርሳቸው ውስጥ መለሱት።

«ስንት አገኛችሁ?» አሉ።

«አ… አራት» አለች ሮና።

«እኔ ስድስት።»

ሻርሊን «ምን?» አለች።

«ስድስት። ኮቴን ቀይሬ ባልመለስ አራት ይሆን ነበር። ምን ታፈጫለሽ? ዱቄት ጓሮዬ ውስጥ የሚበቅል መስሎሽ ነበር?»

«አንቺ ሴትዮ!» ሻርሊን «እርስዎ» ማለቱንም ረሳችው። «በጥቁር መነጽር የቆመችው… እኔ እኮ ዓይነ ስውር መስለሽኝ ቦታ ልለቅልሽ ነበር!»

«ብትለቂልኝ መልካም ነበር። ወገቤ ተቆርጦ ነበር የቆምኩት።»

ኬንዚ መጀመሪያ ሳቀች፤ በአፍንጫዋ፣ እንደ ፈረስ። ሮና ተከተለች። ከዚያ ጋሼ ክሌም ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔ ደግሞ ቅቤ ነው» አሉ። «ስምንት። ጎማውን ግን ከልቤ ልቀይረው አስቤ ነበር።» ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። አንዲት ሴት ከጥግ «ስኳር!» ብላ ጮኸች፣ ቀብር ሄጄ ነበር ያለችው።

«ስለኛ ያውቁ ነበር?» አለች ሮና፣ ሳቁ ሲበርድ።

«ከኔ ዱቄት የማይገዛ ቤት ዳቦ ሲጋገር የማይሸተኝ ይመስልሻል?» አሉ እትዬ ዊኒ። «አፍንጫ አለኝ እኮ። አልተናደድኩም አልልም፣ ተናድጃለሁ። ኋላ አከፋፋዩ ዋጋውን ሲልክልኝ እኔም መነጽር ገዛሁ።»

ከዚያ የአከፋፋዩን ነገር ለሻርሊን ነገሯት፣ ኬንዚ ለሮና እንደነገረቻት፣ ስድብ ብቻ ጨምረውበት። ሻርሊን እጆቿን አጣምራ ሰማች።

«የኔ ቫን ግማሹ ባዶውን ነው የሚመለሰው» አሉ እትዬ ዊኒ በመጨረሻ። «የሚመጣው ወር አብረን እንሂድ። አንድ መኪና፣ አንድ የጀልባ ሒሳብ፣ አራት ሰው፣ ስምንት ከረጢት። አንቺ የቤትሽን ትወስጃለሽ፣ እኔ ለሱቁ።»

ሻርሊን አሰበችበት። «ስኳርሽ ግን አሁንም ውድ ነው።»

«ስኳሬ ውድ ነው» አሉ እትዬ ዊኒ። «ያቺ ጥግ ያለችው ስኳሯን ከየት እንዳገኘችው ጠይቂልኝ።»

ጀልባዋ ወደቡን ስትነካ ሰው ሁሉ ወደ መኪናው ወረደ። ኬንዚ ቫኑ ውስጥ ከመግባቷ በፊት ዞር አለች። «ሰኞ እንገናኝ፣ ሻርክ» አለችና ጥርሷን በሙሉ አሳየቻት። ሮናም አሳየቻት።

ፒክአፑ ጋ ስትደርስ ነፋሱ የሸራውን አንድ ጫፍ ፈትቶ ያርገበግበዋል።

«እሰሪው፣ ቶሎ በይ» አለች እናቷ ከመሪው ኋላ፣ እንደ ልማዷ።

ሮና የተፈታውን ገመድ አነሳች። የጠበቀውን ቋጠሮ አየችው። ከዚያ እሱንም ፈታችው፣ ቀጥሎ ያለውንም። ሸራውን ገፍፋ ማጠፍ ጀመረች። አራቱ ነጭ ከረጢቶች እዚያው ተደርድረው ቀሩ።

ሻርሊን በመስታወቱ ስታያት ቆየች። «ዝናብ ቢመጣስ?»

ሮና ቀና ብላ ሰማዩን አየች።

«አይመጣም» አለችና የታጠፈውን ሸራ ከመቀመጫዋ ሥር ከተተችው።