ከመንገድ የተነሣው ድንጋይ

መቶ አለቃ እንዳላማው በዚያ የኅዳር ጧት ከቤቱ የወጣው ሥራ ለመሄድ እንጂ ሬሳ ለመመርመር አልነበረም። ቤቱ ሉማሜ ነው፤ የወንጀል ምርመራ ሥራው ደግሞ ደብረ ማርቆስ። ሁለቱን ከተሞች በየቀኑ የምታገናኘው አንዲት አሮጌ ሎንቺና ብቻ ስለሆነች ጧት በእሷ ይሄዳል፤ ከሥራ ሲወጣም በእሷ ይመለሳል።

ተሳፋሪ ከሚጫንበት ሜዳ ሲደርስ ሎንቺናዋ ከመንገድ ወጥታ አፍንጫዋን ከአፈር ግድግዳ ጋር አጋጭታ ቆማለች። ውስጧ ማንም የለም። ሠላሳ እርምጃ ያህል ሽቅብ ወጣ። ጭጋጉ ውስጥ መጀመሪያ የታየው የተበተነ የከሰል ፍም ነው፤ ገና ይጨሳል። ከፍሙ አጠገብ ሾፌሩ ምንይችል በጀርባው ተንጋሏል። የኋላው ጎማ ደረቱን ጨፍልቆት አልፏል።

የአካባቢው ፖሊስ፣ አስር አለቃ አካለ ወልድ፣ ቀድሞ ደርሶ ነበር፤ በእሱ ቤት ሥራውንም ጨርሷል። የመኪናዋን ረዳት ታረቀኝን የፊጥኝ አስሮ ከባሕር ዛፍ ግንድ ጋር አስደግፎታል።

«ያለቀ ነገር ነው ጌታዬ» አለ ሰላምታ ሰጥቶ። «ከጎማ ሥር ድንጋዩን ማንሣት የሱ ሥራ ነው፤ ሾፌሩ ከሥር ሳለ አነሣው። ትናንት ምንይችል ሰው ፊት በጥፊ መትቶት ነበር። ለበላይ ደውያለሁ፤ ሦስት ሰዓት ላይ በሚያልፈው የጭነት መኪና ላከው ብለውኛል።»

ታረቀኝ ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። ማርቆስ ከተላከ መጨረሻው ስቅላት እንደሆነ ያውቃል። እንዳላማው ሰዓቱን አየ። አንድ ሰዓት ከሩብ ሆኗል።

ሎንቺናዋ የራሷ ሥርዓት ነበራት። ባትሪዋ ስለሞተ ሁልጊዜ ቁልቁለት ላይ ትቆማለች፤ እየተንከባለለች እንድትነሣ። የእጅ ፍሬኗ ስለማይሠራ ከፊት ጎማዋ ሥር ትልቅ ድንጋይ ይደረግላታል። ብርዱ የሞተሯን ዘይት ስለሚያረጋው ጧት ጧት ሾፌሩ በጎን ገብቶ ከሥሯ ፍም ያነጥፋል። ዘይቱ ሲላላ ወጥቶ መሪው ላይ ይቀመጥና ክላክስ ይነፋል። ያኔ ረዳቱ ድንጋዩን በጎማ ብረት ይፈነቅላል፤ መኪናዋ ተንደርድራ ትነሣና ከታች ሜዳው ላይ ቆማ ሰው ትጭናለች። ዛሬ ግን ሾፌሩ ከሥሯ ሳይወጣ ድንጋዩ ተፈነቀለ።

እውነቱን ለመናገር እንዳላማው የዚህን ሰው ሞት ብዙ ጊዜ በሐሳቡ አይቶታል። ምንይችል ሲነዳ ተሳፋሪ የማያውቀውን የጎረቤቱን እጅ ጨብጦ ነበር የሚሄደው። በሬ እየነዳ መንገድ የሚሻገር ገበሬ ሲያይ ፍሬን ከመያዝ ይልቅ ክላክስ መንፋት ይቀናዋል። እንዳላማው ስለዚህ አነዳድ ሦስት ጊዜ ለበላዮቹ ጽፏል። መልስ አላገኘም። ባለመኪናው ትልቅ ሰው ነው፤ እንዳላማውም ጽፎ ሲያበቃ በማግሥቱ እዚያው መኪና ላይ መሳፈር ነበረበት።

በዚያ ሰዓት በመኪናዋ አካባቢ የነበሩት ሦስት ሰዎች ብቻ መሆናቸውን አስር አለቃው ነገረው። አንዱ ታረቀኝ ነው። ሁለተኛዋ ማርቆስ እየተመላለሰች የሆስፒታል አንሶላ የምታጥበው ወይዘሮ ጥላነሽ፣ ሦስተኛው የፍርድ ቤት ጸሐፊው አቶ ቢያዝን ናቸው። ሁለቱም ቤታቸው ከላይ ስለሆነ ወደ ሜዳው ሲወርዱ በመኪናዋ አጠገብ ያልፋሉ።

የጥላነሽን ስም ሲሰማ መቶ አለቃው ልቡ ከበደው። ባለፈው ዓመት የስምንት ዓመት ልጇን ማሬን ምንይችል ገጭቶ ገድሎባታል። ፍርድ ቤት ሲቀርብ፣ መንገድ ላይ የተተወ ድንጋይ ለመሸሽ ስጠመዝዝ ነው አለ። ረዳቱም ድንጋዩን አይቻለሁ ብሎ ማለ። ረዳቶች ከጎማ ሥር ያወጡትን ድንጋይ መሐል መንገድ ላይ ትተው እንደሚሄዱ አገር ያውቃል፤ ስለዚህ ማንም አልተጠራጠረም፤ በነጻ ተለቀቀ። ጥላነሽ ሌላ ሥራም ሌላ መኪናም ስላልነበራት ከሐዘን በተነሣች ማግሥት የልጇ ገዳይ ወደሚነዳው መኪና ወጣች። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ስትወጣ እንዳላማው ያያታል፤ የፊቱ መቀመጫ ላይ ሆኖ ዘወር ብሎ ማየት ግን ይከብደዋል።

መሬቱን ጎንበስ ብሎ ተመለከተ። የድንጋዩ ጉድጓድ ቀዩ ጭቃ ውስጥ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ የጎማ ብረቱም እዚያው ወድቋል። ድንጋዩ ግን የለም። ዙሪያውን ፈለገው። ከቦዩ ማዶ፣ ከመንገዱ ስድስት እርምጃ ርቆ፣ ጭቃ የነካው ጎኑ ወደ ላይ ሆኖ በደንብ ተደላድሎ ተቀምጧል። መሬቱ ላይ የመንከባለል ምልክት የለም። አቅፎ የወሰደው ሰው አለ ማለት ነው።

ወደ ታረቀኝ ሄዶ ጭቃው ላይ ቁጢጥ አለ።

«ድንጋዩን ስትፈነቅል የት ነው የምታስቀምጠው?»

ታረቀኝ ጥያቄው እንግዳ ሆኖበት ቀና አለ። «መኪናው እየሄደ ምን ማስቀመጥ አለ ጌታዬ? እዚያው ትቼ ነው የምሮጠው።»

«ስትመለሱስ እዚያው ታገኘዋለህ?»

«የት ተገኝቶ። አንድ ሰው ያነሣብኛል። ከቦዩ ማዶ ወስዶ ነው የሚያስቀምጠው። ዓመት ሊሞላው ነው፤ ይኸው ከዚያ እያንከባለልኩ አመጣለሁ።»

«ማን እንደሆነ አላየህም?»

«እኔ ቀድሜ ታች እወርዳለሁ፤ በምን ዓይኔ። ጌታዬ፣ እናቴን ልቅበር አልነካሁትም። ሁለተኛ ፍም ላመጣ ሽታዬ ቤት ሄጄ ነበር።»

ሽታዬ ከዳገቱ ራስ ላይ ሻይ ቤት ያላት ሴት ናት። ስትጠየቅ፣ የመጀመሪያውን ፍም በአካፋ ዝቃ የሰጠችው ራሷ መሆኗን ተናገረች። ለሁለተኛው ሲመጣ ግን እሷ ጓሮ እንጨት ትፈልጥ ስለነበር አላየችውም። አልዋሽለትም አለች፤ ይህን ስትል ግን ዓይኗ እንባ አቀረረ። የታረቀኝ አንገት በዚያች ባልታየች ደቂቃ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

ጥላነሽ የዕቃ ጥቅልሏ ላይ ተቀምጣ ሬሳውን እያየች ነበር። ስታየው ፊቷ ላይ ደስታም ጥላቻም የለም፤ ዝናብ እስኪያባራ የሚጠብቅ ሰው ትመስላለች። ከዛፉ ሥር ተቀምጣ ክላክሱን ትጠብቅ እንደነበር፣ ከጭጋጉ የተነሣ ማንንም እንዳላየች ነገረችው።

«የገደለውን ቢያውቁ ይነግሩኝ ነበር?» አላት እንዳላማው።

«አልነግርዎትም ነበር። ግን ታረቀኝ አይመስለኝም። ምንይችል ከመኪናው ሥር ሆኖ ካንድ ሰው ጋር ሲነጋገር ነበር፤ ደግሞ ይስቃል። ከታረቀኝ ጋር ሲስቅ ሰምተው ያውቃሉ? ለታረቀኝ ስድብ ነው ያለው።»

መቶ አለቃው ድንጋይ ከመንገድ የምታነሣው እሷ መሆኗን ጠየቃት።

«እኔ? ለምን ብዬ?»

«በማሬ ምክንያት።»

«ድንጋይ አልነበረም፣ መቶ አለቃ» አለች ጥላነሽ፤ ድምጿ ከፍም ዝቅም አላለም። «እጇን ይዣት ነበር እኮ። መንገዱ ባዶ ነበር። ለዳኛውም ተናግሬያለሁ፤ እናት ናት ብለው አልጻፉትም። ያልነበረ ድንጋይ ምን ላድርግ ብዬ ነው የማነሣው?»

አቶ ቢያዝን ራቅ ብሎ ቆሟል። ሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ ቀጭን፣ ፊደል እየቀረጸ ጀርባው የጎበጠ ሰው ነው። ገና ከቤቱ ሲወርድ የመኪናውን ግጭት እንደሰማ ተናገረ። ከዚያ ስለ ራሱ ምንም ሳይጨምር፣ የታረቀኝ ገመድ እጁን እየቆረጠው ነውና ይላላለት ሲል ለመነ። አስር አለቃው እንኳ በጋቢ ተጠቅልሎ በሚንቀጠቀጥበት ብርድ ቢያዝን በሸሚዝ ነበር፤ ኮቱን ገልብጦ አጥፎ በክንዱ ይዞታል። እንዳላማው ይህን ልብ አለ።

ሁለት ሰዓት ከሩብ ሲሆን ሁሉንም ሽታዬ ሻይ ቤት ሰበሰባቸው። ታረቀኝ እንደታሰረ ተቀመጠ። አስር አለቃው የጭነት መኪናው እንዳያልፈው በር ላይ ቆሞ መንገዱን ያያል።

«ነገሩን ከድንጋዩ እንጀምር» አለ መቶ አለቃው። «ፈንቅሎ ማውጣት ለግድያው ይበቃል። ገዳዩ ግን በዚያ አላቆመም። መኪናው ሰው ጨፍልቆ ሲወርድ፣ እሱ ያን የሚያህል ድንጋይ አቅፎ ከመንገድ አወጣ። ለምን? ሊደብቀው አይደለም፤ የሚታይ ቦታ ነው ያስቀመጠው። እጁ ለምዶ ነው። ከዓመት ጀምሮ ጧት ጧት የሚያደርገውን ነው ያደረገው።»

«ታዲያ ታረቀኝ ሊሆን አይችልም?» አለ አስር አለቃው።

«ታረቀኝ ድንጋይ ትቶ የሚሄድ ሰው ነው። በየመንገዱ የሚተወውን እናንተም ታውቁታላችሁ። ደግሞ ምንይችል ከሥር ሆኖ ይስቅ ነበር፤ ከታረቀኝ ጋር አይስቅም።»

ከዚያ ወደ ረዳቱ ዞሮ፣ ማሬ የሞተች ዕለት መንገዱ ላይ ድንጋይ ነበር ወይ ሲል ጠየቀው። ታረቀኝ መሬት መሬቱን አየ።

«አልነበረም» አለ በመጨረሻ። «ምንይችል ነበረ በል አለኝ፤ አልኩ። ድንጋዩን ኋላ አንከባልሎ ያመጣው እሱ ነው።»

ጥላነሽ አልተንቀሳቀሰችም።

«ይኸውላችሁ» አለ እንዳላማው። «ዓመት ሙሉ ድንጋይ ሲያነሣ የኖረው ሰው፣ ልጅቷን ድንጋይ ገደላት ብሎ ያመነ ሰው ነው። እትዬ ጥላነሽ አላመኑም፤ እዚያው ነበሩ። ታረቀኝ አላመነም፤ በውሸት የማለው እሱ ነው። ከሦስቱ የሚቀረው አንድ ነው። ሾፌሩ ጥፋት የለበትም፣ ጥፋቱ የድንጋዩ ነው የሚለውን ፍርድ በእጁ የጻፈው።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አቶ ቢያዝን፣ ኮትዎን ይዘርጉልኝ።»

ቢያዝን ኮቱን ዘረጋ። ደረቱና ሁለቱ እጅጌዎቹ ቀይ ጭቃ ነበሩ።

«ሳነሣው እንኳ አላወቅሁም» አለ ጸሐፊው። «ኋላ ኮቴን ሳየው ነው የደነገጥሁት። ፍርዱን ከጻፍሁ ጀምሮ ድንጋይ ባየሁ ቁጥር አላልፍም። ለነፍሴ ይሆነኛል ብዬ ነበር። ዛሬ ታረቀኝ ለፍም ሲሄድ ምንይችልን፣ እባክህ ይኼን ድንጋይ ከመንገድ አስወጣልን፣ ሌላ ልጅ እንዳይበላ አልሁት። ሳቀ። ‹ጋሼ፣ እርስዎ እስካሁን በዚያ ድንጋይ ያምናሉ? ድንጋይ አልነበረም እኮ› አለኝ። ሳቁን አላቆመም። ብረቱ እግሬ ሥር ነበር።»

አስር አለቃው የታረቀኝን ገመድ ፈትቶ በዚያው ገመድ የጸሐፊውን እጅ አሰረ፤ ይህን ሲያደርግ ግን ፊቱን አዙሮ ነበር። ቢያዝን በጥላነሽ ፊት ሲያልፍ ቆመ።

«እኔም ነግሬዎት ነበር» አለችው። «ብዕርዎን አስቀምጠው ሰሙኝ፤ ከዚያ ብዕሩን አነሡና የእነሱን ጻፉ።»

የጭነት መኪናው ሦስት ሰዓት ሳይሞላ መጣና ጸሐፊውን ይዞ ሄደ። ጥላነሽ ጥቅልሏን አንሥታ፣ አሁን ድንጋይ አለመኖሩ ይጻፍ እንደሆነ መቶ አለቃውን ጠየቀችው። ይጻፋል አላት። ጻፈም። ስለ ማሬ፣ ስለ ውሸቱ መሐላ፣ ስለ ፍሬኑ፣ ስለ ባለመኪናው አንድም ሳያስቀር ጽፎ ለበላዮቹ አቀረበ። ከሁለት ቀን በኋላ ጠርተው ገዳዩን ስለያዘ አመሰገኑት። የልጅቷ ጉዳይ ግን ተከሳሹ ስለሞተ ተዘግቷል አሉት፤ የመሐላውም ነገር ካለፈ በኋላ ምን ይሠራል ተባለ። ጥላነሽ ነገሩ ከምን እንደደረሰ አልጠየቀችውም፤ እሱም አልነገራት።

በስምንተኛው ቀን ሎንቺናዋ ተጠግና ሜዳው ላይ ቆመች። እንዳላማው ወደ ፊቱ መቀመጫ ሲወጣ መሪውን የያዘው ታረቀኝ ነበር። መንጃ ፈቃድ የለውም፤ ባለመኪናው ግን መንገዱን ያውቀዋል ብሎ አስቀምጦታል። ጥላነሽ ከኋላ ተቀምጣ ዓይኗን ጨፍናለች።

«ዛሬ ቢሮ እንዳይረፍድብዎት ብዬ ነው» አለ ታረቀኝ ነዳጁን እየረገጠ።

ሎንቺናዋ ጠጠሩን እያፈነዳች ቁልቁለቱን ወረደች። አንዲት ሴት አህያዋን ጎትታ ቦዩ ውስጥ ገባች። መታጠፊያው ሲቃረብ እንዳላማው ፊት ለፊቱ ያለውን ብረት በሁለት እጁ ያዘ።

«ቀስ በል።»

«እርስዎ ባይኖሩ ዛሬ የት ነበርኩ?» አለ ታረቀኝ። ይህን ሲል ፊቱን ከመንገዱ መልሶ ሙሉ ለሙሉ ወደ መቶ አለቃው ዞረ። ዓይኖቹ እንባ ሞልተዋል።

«መንገዱን እይ፣ ታረቀኝ።»

«እስክሞት አልረሳዎትም፣ ጌታዬ» አለ ታረቀኝ፤ ዓይኑንም ከእሱ ላይ አላነሣም።