ድንጋይ የጎረሰው ምንጭ

የኢንጂነር እንዳለው አስከሬን የተገኘው ከቡሬ በላይ ካለው ጉብታ፣ በከተማው የውሃ ማጠራቀሚያ ሥር ከተሠራው የቫልቭ ጉድጓድ ውስጥ ነበር። ጉድጓዱ እስከ አፉ በውሃ ሞልቷል። ከፍኖተ ሰላም የተጠራችው ኢንስፔክተር ሥርጉት ስትደርስ ሬሳውን አውጥተው ጋቢ አልብሰውታል። ሟቹ ይነዳው የነበረው ፒክአፕ መኪና እዚያው አጠገብ ቆሟል። የተሰበሰበው ሰውም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የገዛ ሥራው በላው» ይባባላል።

ነገሩን ያስረዳት የምርቃት ኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ዘሚካኤል ነው። ቡሬ ውሃዋን ራሷ የምታስተዳድር ከተማ ሆና በመጪው እሑድ ልትመረቅ ነበር። በጥቁር ውሃ ምንጭ፣ በማጠራቀሚያውና በየሰፈሩ መለኪያ ተተክሏል፤ የሁሉንም ልክ አንድ ኮምፒውተር እያየ፣ የሰው እጅ ሳይነካው ውሃውን ያከፋፍላል። ምንጩ ሲሳሳ ከከተማው ይቀንስና ከምንጩ በታች ላሉት ገበሬዎች ድርሻቸውን ይለቃል። ማጠራቀሚያው ሲሞላ ደግሞ ትርፉን ወደዚህ ጉድጓድ ያፈሰዋል። እንዳለው ትናንት ከሰዓት ለጥገና ሲወርድ መሣሪያውን ማጥፋት ረስቶ ውሃው ደረሰበት፤ የዘሚካኤል ግምት ይኸው ነበር።

«አደጋ መሆኑን ፈርመው ቢሰጡን ዛሬውኑ እንቀብረዋለን» አላት።

ሥርጉት ተንበርክካ የሟቹን እጅ አነሳች። ጥፍሮቹ ውስጥ ጥቁር ጭቃ ገብቷል። ወደ ጉድጓዱ አየች፤ በጠራው ውሃ ውስጥ የሚታየው ግድግዳውም ወለሉም ሲሚንቶ ነው።

«ቀብሩ ይቆይ» አለች። «መጀመሪያ ሐኪም ይየው።»

ፈንጠር ብሎ ድንጋይ ላይ የተቀመጠው ወጣት ሰይፈ የእንዳለው ባልንጀራ ነው። ዩኒቨርሲቲ አብረው ተምረዋል፤ ይህንንም ሥራ አብረው ነድፈዋል። ዓይኑ ቀልቷል። አፍንጫውን በሶፍት ይዟል፤ ሶፍቱን ደም ነክቶታል።

«ነስር ነው» አለ ስታየው። «ሐዘንና ፀሐይ ተባብረውብኝ።»

ትናንት ሲሠራ የዋለው ቢሮ ውስጥ፣ ኮምፒውተሩ ፊት እንደነበረ ነገራት። እንዳለው ጠላት ነበረው ወይ ስትለው ጥቂት አመነታ።

«ምንጩ አካባቢ ይጠይቁ። አንድ መሪጌታ በሰው ፊት ወቅሰውታል፤ አንዲት ገበሬም በዶማ ዝታበታለች። እኔማ ፈርቼ ወደዚያ ከወረድሁ ወር አልፎኛል።»

ጥቁር ውሃ የሚፈልቀው ከቤተ ክርስቲያኑ ግርጌ፣ ከአለት ሥር ነው። ስሙን ያገኘው ከታቹ ካለው ጥቁር ጭቃ ነው። ምንጩ ሞልቶ ይታያል፤ ወደ ማሳዎቹ የሚወርደው ቦይ ግን ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ሥርጉት ሁለቱን እያፈራረቀች አየችና ነገሩ አልዋጥልሽ አላት።

መሪጌታ ወልደ ዮሐንስ ተማሪዎቻቸውን ቅኔ እያስተማሩ አገኘቻቸው። ወቀሳውን አልካዱም፤ ምንጩ ለከተማው ከተከለለ ወዲህ ተማሪዎቻቸው ከደጃቸው ይቀዱት የነበረው ቦይም ስለደረቀ ውሃ ፍለጋ ሩቅ ይንከራተታሉ። ትናንት የት እንደዋሉ ስትጠይቃቸው ከቤታቸው እንዳልወጡ፣ ምስክር ግን እንደሌላቸው ነገሯት።

«በእንዳለው ሞት ማንን ይጠረጥራሉ?»

መሪጌታው ወደ ምንጩ ተመለከቱ። «ልጄ፣ ምንጭ የሚያጠጣው አፉን ሲከፍት ነው። ይኸኛው ድንጋይ ጎርሶ እንዴት ያጠጣ?»

ሥርጉት ሰሙን ትታ ወርቁን ፈለገች። ድንጋዩ የሹማምንት ልብ መሰላትና አመስግናቸው ሄደች።

ገበሬዋ ወይዘሮ ዓባይነሽ የአገው ተወላጅ ናቸው፤ ከምንጩ በታች ሽንኩርት ያለማሉ። ማሳው ጠውልጎ መሬት ላይ ተኝቷል። በዶማ መዛታቸውን ራሳቸው አስቀድመው ተናገሩ። በኋላ ግን፣ ከመሞቱ አንድ ቀን ቀደም ብሎ፣ እንዳለው ገበያ ላይ አግኝቷቸው፣ ቆሞ እስከ መጨረሻው እንደሰማቸው አጫወቷት።

«‹ኮምፒውተሩ ድርሻዎን ለቅቄአለሁ ይላል፤ ማሳዎ ደርቋል። አንዳችሁ ተሳስታችኋል፤ ነገ መጥቼ አያለሁ› አለኝ።»

«መጣ ታዲያ?»

«መኪናዋ ስትመጣ ሰማኋት። ቆይታ ስትሄድም ሰማኋት። ሳያናግረኝ ሄደ ብዬ ተቀየምሁት።» ይህን ብለው ፊታቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፈኑ።

በማግስቱ ሐኪሙ ከፍኖተ ሰላም ደወለ። እንዳለው የሞተው ሰምጦ ነው። ማጅራቱ ላይ ግን በኃይል የተጫነ እጅ የጣት ምልክት አለ።

«አንድ ሌላ ነገርም አለ» አለ ሐኪሙ። «ከጉሮሮው አልቅት አውጥቻለሁ።»

ሥርጉት ስልኩን ዘጋች። የገበሬ ልጅ ናት፤ ከብት አልቅት ያለበት ውሃ ጠጥቶ ደም ሲያንጠባጥብ እያየች አድጋለች። የማጠራቀሚያው ውሃ ተጣርቶ መድኃኒት የሚገባበት ነው፤ አልቅት አይኖርበትም። እንዳለው የሰመጠው ጉብታው ላይ አይደለም ማለት ነው። ያን ጊዜ የመሪጌታው ቃል ትዝ አላትና በራሷ አፈረች። ሰውየው እውነቱን ሰሙ ላይ አስቀምጠውላት እሷ ወርቅ ስትቆፍር ነበር።

ወደ ምንጩ ተመልሳ ሱሪዋን ሰብስባ ገባች። ከመለኪያው ዝቅ ብሎ በሲሚንቶው መፍሰሻ ላይ እጇን ሰደደች። ጠፍጣፋ ድንጋይ፣ ግራና ቀኝ ጥርቅም ብሎ ተሰክቷል። ሳታነሳው ወጣች።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ አራቱንም ምንጩ ዳር ሰበሰበቻቸው። መሪጌታው በመቋሚያቸው ተደግፈው ቆሙ። ወይዘሮ ዓባይነሽ ዶማቸውን እንደያዙ ከማሳ መጡ። ዘሚካኤል ሰዓቱን ደጋግሞ ያያል። ሰይፈ ዛሬም ሶፍቱን አፍንጫው ላይ እንደያዘ ነው። ሁለት ፖሊሶች ከኋላ ቆመዋል።

«እንዳለው የሞተው እዚህ ነው» ብላ ጀመረች። ጭቃውንና አልቅቱን ነገረቻቸው። ቀጥላም ድንጋዩን አሳየቻቸው። «ይህ ድንጋይ ውሃውን ያቁራል። መለኪያው የታቆረውን እያየ ምንጩ ሞልቷል ብሎ ለኮምፒውተሩ ይነግራል። ኮምፒውተሩም ያመነውን ይሠራል፤ ለከተማው አይቀንስም፤ ምንጩ ሲሞላ የገበሬው ድርሻ በዚህ መፍሰሻ ስለሚያልፍም፣ የቦዩን በር ሳያነሳ ድርሻቸውን የለቀቀ ይመስለዋል። እንዳለው ይህን ሊያይ መጥቶ አየ።»

«ምንጩ ያለው እኮ በእነሱ ደጅ ነው» አለ ዘሚካኤል ወደ ሁለቱ እየጠቆመ።

«ሬሳው ጉብታው ላይ የወጣው በራሱ በሟቹ መኪና ነው፤ ስትሄድም እትዬ ዓባይነሽ ሰምተዋታል። እሳቸውም ሆኑ መሪጌታ መኪና ነድተው አያውቁም። ድንጋዩ የሚያደርቀውም የእነሱን ቦይ ነው። ሬሳውን ከዚህ ያራቀ ሰው፣ ሰዉ ምንጩን እንዳያይበት የፈራ ነው።»

ዘሚካኤል ላቡ ግንባሩ ላይ ወጣ። «መኪና የምነዳ እኔ ነኝ። ምርቃቱንም እፈልገዋለሁ። እኔን ነው የሚሉት?»

«ልልዎት ነበር» አለች ሥርጉት። «ነገር ግን ድንጋዩ በግምት አልተቀመጠም። ትንሽ ከፍ ቢል ውሃው በጎን ይፈሳል፤ ትንሽ ዝቅ ቢል መለኪያው አይታለልም። ልኩን የሚያውቁት መለኪያውን የተከሉት ሁለቱ ናቸው። አንዱ ሞቷል።»

ሰይፈ ቢሮ ውስጥ እንደዋለ፣ ከዚህ ውሃ ከደረሰ ወር እንዳለፈው ደገመላቸው። ድምፁ ጎርናናና ደካማ ነበር።

ሥርጉት ከፖሊሱ ቀዝቃዛ ውሃ የሞላ ጣሳ ተቀብላ ፊቱ አስቀመጠች።

«ነስር ሦስት ቀን ሙሉ አይፈስም። አልቅት አፍንጫ ውስጥ ከተጣበቀ ግን ደሙ እምቢ ይላል። የጠማው አልቅት ደግሞ ቀዝቃዛ ውሃ ሲቀርብለት ብቅ ይላል፤ ይህን የአገሩ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ከዚህ ምንጭ ካልደረስህ፣ አፍንጫህን ወደ ጣሳው አስጠጋና እንይ።»

ሰይፈ ጎንበስ አለ። ከአፍንጫው አንድ ጠብታ ደም ውሃው ላይ ወድቆ እንደ ክር ተዘረጋ። ያን አይቶ ጣሳውን በእጁ ገፋ አድርጎ መሬት ላይ ተቀመጠ።

ቀስ ብሎ ተናገረ። ምንጩ ዘንድሮ ሳስቷል። መሣሪያው እንደ ሕጉ ቢሠራ በምርቃቱ ቀን የከተማው ቧንቧ ይሳሳ ነበር፤ እንግዳው ሁሉ ይስቅባቸው ነበር። ድንጋዩን ለጊዜው ብሎ አስቀመጠው። በዚያን ቀን ከእንዳለው ጋር በአንድ መኪና መጡ። እንዳለው ድንጋዩን አይቶ ሊያነሳ ጎንበስ ሲል እሱ ጎተተው፤ ተያይዘው ውሃው ውስጥ ወደቁ።

«‹ለሰዎቹ እነግራቸዋለሁ› እያለ ነበር» አለ ሰይፈ። «ዝም እንዲል ብዬ ያዝሁት። ዝም ሲልም አለቀቅሁትም።»

ፖሊሶቹ ደግፈው ወሰዱት። ዘሚካኤል ወደ ሥርጉት ቀረበ። ድንጋዩ ማስረጃ ስለሆነ እስከ እሑድ ባለበት ቢቆይ አይሻልም ወይ ሲል በትሕትና ጠየቃት። ሥርጉት አንድ ጊዜ አየችውና ወደ ውሃው ገባች። ድንጋዩን በስልኳ ፎቶ አነሳችው፤ ከዚያ በሁለት እጇ ነቅላ ዳር ላይ ጣለችው።

የታቆረው ውሃ በመፍሰሻው ወረደና ጎደለ። መለኪያው እውነቱን አየ። ጥቂት ቆይቶ ውሃውን ወደ ጉብታው የሚገፋው የፓምፕ ድምፅ ዝቅ አለ፤ ማንም ሳያዘው የቦዩ በር በራሱ ተነሳ። ታች ቡሬ ውስጥ በዚያች ሰዓት የስንቱ ቧንቧ እንደቀጠነ፣ ስንቱም እንደተማረረ እንጃ። ውሃው ግን የተሰነጠቀውን ቦይ እያራሰ፣ እያረፈ፣ ደግሞ እየገሰገሰ ወደ ማሳዎቹ ሄደ።

ወይዘሮ ዓባይነሽ ዶማቸውን ይዘው ከውሃው ቀድመው ወረዱ። ሥርጉት የማሳቸውን የውሃ መግቢያ በር ሊከፍቱ ነው ብላ ተከተለቻቸው። እሳቸው ግን ጭቃ እየዛቁ የማሳቸውን በር ደፈኑት። ውሃው መጥቶ ጭቃውን ገፋ፤ አልከፈት ሲለው አልፎ ወደ ጎረቤት ማሳ ገባ።

«ሽንኩርቱ እኮ እየሞተ ነው፣ እትዬ» አለቻቸው ሥርጉት።

«ዛሬ ልጁ ይቀበራል» አሉ ወይዘሮ ዓባይነሽ፣ እጃቸውን በቀሚሳቸው እየጠረጉ። «የእኔ ማሳ ነገ ይጠጣል።»

ዶማቸውን በር ላይ ተክለው ነጠላቸውን ለሐዘን አዘቅዝቀው ለበሱና የቡሬን መንገድ ያዙ።