የማንቆርቆሪያው አፍ

ሟቹ የተገኘው መጋዘኑ ውስጥ፣ ከላይኛው ቢሮ በሚያወርደው የብረት ደረጃ ሥር፣ አፉን እንደከፈተ ነው። በሕይወቱም ዘግቶት ስለማያውቅ በዚህ የተገረመ አልነበረም።

ሰውየውን ሁሉም «ጋሼ» ይሉታል። በፕላስቲክ ፋብሪካው የዕቃዎችን ቅርጽ በኮምፒውተር የሚነድፈው እሱ ነው፤ ባልዲው፣ ጆጉ፣ የሕፃናት መታጠቢያው፣ ሁሉም የሚወደሰው በእሱ ስም ነው። ሰሞኑን ደግሞ ለትልቅ ኤግዚቢሽን የሚቀርብ የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ ይዞ ነበር። «የጋሼ ሥራ» የሚለው ጽሑፍ ሳይቀር በትልልቅ ፊደል ታትሞ ቢሮው ግድግዳ ላይ ተለጥፏል።

መርማሪዋ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደረሰች። ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል። የልብስ ሰፊ ልጅ ስለሆነች ይመስላቸዋል እንጂ፣ ነገሩስ ከገባች ሳትወጋ ስለማትወጣ ነው።

ሐኪሙ ሰውየው በጀርባው መውደቁን፣ ከአራት እስከ ሰባት ሰዓት ባለው ጊዜ መሞቱን ነገራት። የሸሚዙ ሁለት ቁልፎች ተበጥሰው ከደረጃው አናት ላይ ተገኝተዋል፤ ከሰው ጋር ተያይዞ ነበር ማለት ነው። ሰዓቱን ያጠበበው ኮምፒውተሩ ነው። የማንቆርቆሪያው ፋይል በጋሼ የይለፍ ቃል ተከፍቶ ከአምስት እስከ ስድስት ሰዓት ሲሠራበት ቆይቷል። እንግዲያው ጋሼ እስከ ስድስት ሰዓት በሕይወት ነበር። በስድስት ሰዓት ደግሞ ሠራተኛው በሙሉ ለምሳ ወጥቷል። ፋብሪካው ውስጥ የታዩት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ሥራ አስኪያጁ ታናሽ ወንድሙና ምሳ ይዛ የመጣችው የጋሼ ሚስት።

ወንድሙ ከጋሼ ጋር ከተኮራረፈ ወር እንዳለፈው አልደበቀም። የጠቡ ምክንያት ሲጠየቅ፣ ምክንያት የሚያስፈልገው ከእሱ ጋር ሰላም ለመባባል እንጂ ለመጣላት እንዳልነበር ተናገረ። ኮምፒውተር ማብራት እንኳ እንደማይችል በኩራት ጨመረበት። ሚስቲቱ ስትመጣ ቢሮው ባዶ ነበር፤ ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ሄደች። ለምን እንዳልፈለገችው ብትጠየቅ፣

«ሃያ ዓመት ፈልጌዋለሁ፤ ዛሬ ደከመኝ» አለች። እንባ የሚባል ዓይኗ ላይ አልነበረም።

ሦስተኛዋ ረዳቱ ናት። ቁመቷ አጭር ስለሆነ «ሚጢጢ» ይሏታል። ከጋሼ ሥር ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች። እሷን የጠረጠረ አልነበረም፤ ጠዋት ቢሮ አብራው ብትሆንም፣ ከአምስት ሰዓት ጀምሮ ታች ከመቁረጫው ማሽን አጠገብ ባለው ኮምፒውተር ፊት ተቀምጣ ስምንት ሠራተኛ አይቷታል፤ ምሳም አብራቸው በልታለች። ስለዚህ መርፌ ሙያውን እንድታስረዳት ጠየቀቻት።

ሚጢጢ የማንቆርቆሪያውን ፋይል ከፈተችና «የሜዳ አህያዋን ላምጣት» አለች። በር ላይ የቆመው ፖሊስ ወደ ኮሪደሩ አጮለቀ። የመጣው ግን ሌላ ነው፤ ስክሪኑ ላይ ያለው ማንቆርቆሪያ የገጹን ልስላሴ የሚፈትን ጥቁርና ነጭ ሸንተረር ለበሰ።

«ይሄ አምስት ሰዓት ላይ የነበረው ነው» አለች። «ሆዱና አፉ የሚገናኙበትን ይመልከቱ። ጠርዙን በአንድ ትእዛዝ አድቦልቡሎ መተው ነው። ሸንተረሩ ይገናኛል፣ ግን መገናኛው ላይ ይሰበራል። እጅዎን ይሸውደዋል፤ ብርሃንን ግን አይሸውድም።»

«የስድስት ሰዓቱስ?»

«ሁለቱም ገጾች ወደኋላ ተቆርጠው ክፍተት ተሰጣቸው። ከዚያ መሃላቸው አዲስ ገጽ ተዘረጋ። አዲሱ ገጽ ከሆዱ ሲነሣ የሆዱን አቅጣጫ ብቻ አይደለም የሚይዘው፤ የጉብጠቱንም ልክ ነው። አፉ ጋ ሲደርስም እንደዚያው።»

ሸንተረሩ ከሆዱ ወደ አፉ ውሃ መስሎ አለፈ።

«እናቴ እጅጌ ስትገጥም እንደዚህ ነበር የምትለው» አለች መርፌ። «መስፋት ሌላ፣ እንዲፈስ ማድረግ ሌላ። ቆንጆ ነው።»

«ነው» አለች ሚጢጢ። ፊቷ ሁሉ በራ፤ ወዲያው ደግሞ እንደ አምፖል ጠፋ።

መርፌ ያንን ብርሃን አየችው። ምንም ሳትል ወርዳ ወንድሙን የሠራተኞች የዕረፍት መዝገብ ጠየቀችው። ሚጢጢ አምና ታይፎይድ ይዟት ሦስት ሳምንት ተኝታ ነበር። መርፌ በዚያ ሦስት ሳምንት በጋሼ ስም የተቀመጡትን ፋይሎች በሙሉ አስከፈተች።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሦስቱንም ቢሮ ሰበሰበቻቸው። የፖሊስ ጸሐፊው ወረቀቱን ዘርግቶ ጥግ ይዟል።

«አምስት ሰዓት ላይ የዚህ ማንቆርቆሪያ አፍ አስቀያሚ ነበር» ብላ ጀመረች። «ስድስት ሰዓት ላይ ቆንጆ ሆነ። በጋሼ የይለፍ ቃል ስለተሠራ ጋሼ የሠራው መሰለን። ግን ረዳቱ በሌለችበት ሦስት ሳምንት የሠራው ሁሉ፣ አንድም ሳይቀር፣ መገናኛው ላይ ይሰበራል። የጋሼ እጅ ይህን አያውቅም። የእርስዎ እጅ ማብሪያውንም አያውቅም» አለች ወደ ወንድሙ ዞራ። ቀጥላ ወደ ሚስቲቱ እያመለከተች፣ «እሳቸው ምሳ ይዘው እስኪመጡ፣ እስከ ስድስት ሰዓት፣ ቤታቸው ነበሩ። አንድ እጅ ቀረን።»

«ታች ነበረች እኮ» አለ ወንድሙ።

«ፋይሉስ ከታች አይከፈትም? የይለፍ ቃሉን ዘጠኝ ዓመት ስትሠራበት ኖራለች። ታች ሆና ከሠራችው፣ ጋሼ አምስት ሰዓት ላይ በሕይወት መኖር አላስፈለገውም። ከአምስት በፊት ላይ ቢሮ ከእሱ ጋር የነበረችው እሷ ብቻ ናት። መጭመቂያው ማሽን ሲደበድብ ደግሞ ሰው ሲወድቅ አይሰማም።»

መርፌ ወደ ሚጢጢ ዞረች።

«አንድ ነገር ግን ከነከነኝ» አለች መርፌ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ሰዓቱ እንዲመዘገብ አንድ ነጥብ ነቅነቅ አድርገሽ ማስቀመጥ ይበቃሽ ነበር። እንዳስቀያሚነቱ ብትተዪው ማንም አይደርስብሽም። ለምን አሳመርሽው?»

«ልተወው ነበር» አለች ሚጢጢ። «አስቀምጬ ተነሣሁ። ግን እንደዚያ ተሰብሮ ሰው ሊያየው ነው... እጄ እምቢ አለኝ።»

ከዚያ የጠዋቱን ተናገረች። ከግድግዳው ጽሑፍ ሥር፣ በትንንሽ ፊደል፣ «ከረዳቱ ጋር» የሚል እንዲጨመርላት ለምናው ነበር። ዘጠኝ ዓመት ስትሠራ የመጀመሪያ ልመናዋ ነው። ጋሼ ሳቀ። «አይዞሽ፣ ሲወጣ ውሃ ታፈይበታለሽ» ብሏት እየሳቀ ወደ ደረጃው ሄደ። የሸሚዙን ደረት የያዘችው ስትናገር ዞር ብሎ እንዲያያት ነበር። ያያት ሲወድቅ ነው።

ሚስቲቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗ ረጠብ አለ። ለማን እንደሆነ አላስታወቀችም። ወንድሙ ደግሞ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ኤግዚቢሽኑ ሰኞ ስለሆነና ጽሑፉ አንዴ ስለታተመ፣ ማንቆርቆሪያው በሟቹ ስም እንደሚቀርብ ተናገረ። ለክብሩ ጥቁር ሪባን ይታሰርለታል።

ጸሐፊው የሚጢጢን ቃል ጽፎ ሲጨርስ እንድትፈርም አቀረበላት። ከመጀመሪያው መስመር ላይ ጣቷ ቆመ፤ «በሟች የይለፍ ቃል ገብታ ፋይሉን ነካክታለች» ይላል።

እስክሪብቶውን አስቀመጠች።

«አልነካካሁትም። ሠርቼዋለሁ።»

ጸሐፊው ለዳኛው ያው እንደሆነ ሊያስረዳት ሞከረ፤ አልሰማችውም። መርፌን አየ። መርፌ እንዲሰርዘው በአገጯ አመለከተችው። ሰረዘና ከላዩ «ሠርታዋለች» ብሎ ጻፈ።

ሚጢጢ ቃሉን ሁለቴ አነበበችው። የቀረውን ገጽ፣ ገደለች የሚለውን ጭምር፣ ሳታነብ ፈረመች።